ዜማው መደብሩን አላዳነውም

በቫንኩቨር ከተማ ሄስቲንግስ የሚባለው ጎዳና ከአቦት መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ቀይ መብራት ሲይዘኝ፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ተሳፋሪ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ከሆነ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሜ አውቃለሁ። ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ወደ ላይ ያያል። ከሕንፃዎቹ በላይ የቆመውን ትልቅ ቀይ «ደብልዩ» ፊደል፣ ዉድዋርድስ የተባለውን የድሮ ትልቅ መደብር ምልክት ይፈልጋል። ካገኘው በኋላ ያፏጫል። ፉጨቱ አጭር ነው፤ የሚከተለው ግጥምም ከአንድ ትንፋሽ አያልፍም፦ አንድ ዶላር ከአርባ ዘጠኝ፣ የመደብሩ ስም፣ ማክሰኞ። ማክሰኞ መደብሩ በዚያ ዋጋ ዕቃ የሚሸጥበት የቅናሽ ቀን ነበር። ይህን ዜማ በሬዲዮ ሲተላለፍ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ወደዚህ ከተማ ስመጣ መደብሩ ከተዘጋ ቆይቶ ነበር። ከተሳፋሪዎቼ አፍ ብቻ ተምሬው ግን ዛሬ ሰሃን ሳጥብ ሳላስበው ራሴን ሳፏጨው አገኘዋለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ምንድን ነው እሱ?» ስትለኝ መልስ የለኝም። ገብቼበት የማላውቀው ሱቅ፣ ከፍዬው የማላውቀው ዋጋ ነው።

ይህን የማነሳው ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በላከልኝ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ጸሐፊው እዚሁ ካናዳ ለረጅም ዘመን የኖሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ ስለ ዉድዋርድስ መደብር የማክሰኞ ዜማና ስለ መሰሎቹ ያላቸውን ናፍቆት ጽፈዋል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የድሮዎቹ የመደብር ዜማዎች ለደስታ የተሠሩ ጥበብ ነበሩ። የገደላቸው ኢንተርኔት ነው። እንደ ዛሬው ማስታወቂያ ሰውን አድብተው ስለማይከታተሉ ንጹሐን ነበሩ። ሀብታሙንም ድሃውንም በአንድ ዜማ አገናኝተው ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ስላልነበረን በዚህ በኩል የምንናፍቀው የለንም። በመጨረሻም ያ ዜማ በመደብሩ ቦታ በተሠራው አዲስ ሕንፃ ውስጥ በየማክሰኞው እንዲሰማ ሐሳብ ያቀርባሉ።

ጽሑፉ ውብ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በመጀመሪያው ፈገግ አልኩ፣ በሁለተኛው ተቆጣሁ። የተቆጣሁት በናፍቆቱ አይደለም። ትዝታ ለእኛ ስሜት ብቻ ሳይሆን ቅኝትም ነው፤ ስለ ናፈቀ ሰውን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ያስቆጣኝ ናፍቆቱ ያለ ቦታው መለጠፉ ነው።

ከጥበቡ ልጀምር። ያን ዜማ በ1958 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የሠራው ቶኒ አንቶኒያስ የሚባል፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ሰው ነው። ሲኬኤንደብልዩ በተባለው የአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ የማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። ችሎታውን አልክድም። ዋጋን፣ ስምንና ቀንን፣ እነዚህን ሦስት ደረቅ መረጃዎች በአንድ ከተማ ሕዝብ ጭንቅላት ውስጥ ከስልሳ ዓመት በላይ እንዲቀመጡ ማድረግ ማንም የሚችለው ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሥራው ምን እንደነበር አንርሳ። ሰው ማክሰኞ ዕለት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሄስቲንግስ እንዲሄድ ማድረግ ነበር። የእኛ ሰው ግጥም ሲመዝን ሰምና ወርቅ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ሰሙም ዋጋው ነው፣ ወርቁም ዋጋው ነው።

አዝማሪም እኮ ለገንዘብ ያሞግሳል የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያሞግሳል። ነገር ግን አዝማሪው ሲያሞግስህ ፊት ለፊትህ ቆሞ ነው። ብሩን ግንባሩ ላይ ስትለጥፍለት ለምን እንደምትከፍል ታውቃለህ። ደስ ካላለህ «ተቀበል!» ብለህ የራስህን ግጥም ትሰጠዋለህ፣ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ካስፈለገም ራሱን አዝማሪውን ትሰድብበታለህ። የመደብር ዜማ «ተቀበል» አያውቅም። የሚያውቀው «ድገም»ን ብቻ ነው።

ዘፈን ለማስታወቂያ ሥራ እንዴት እንደገባ የሚነገረውን ታሪክ ጸሐፊው ራሳቸው ቢያስታውሱት ኖሮ ይህን ነጥብ ባላነሱት ነበር። በ1926 የገና ዋዜማ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ አራት ወንዶች ዊቲስ ስለተባለ የቁርስ ምግብ በሬዲዮ ዘመሩ። በመላ አገሪቱ የተሰማ የመጀመሪያው የዘፈን ማስታወቂያ ሳይሆን የአንድ አካባቢ ነገር ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ አምራቹ ኩባንያ ጄነራል ሚልስ ምርቱ አልሸጥ ስላለው ሊተወው ተቃረበ። ከዚያ የሽያጭ መዝገቡ ሲታይ በአገሪቱ ከተሸጠው 53,000 ካርቶን ገደማ ውስጥ 30,000 ያህሉ የተሸጠው ዘፈኑ በሚሰማበት በሚኒያፖሊስ አካባቢ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዘፈኑም በመላው አሜሪካ እንዲናኝ ተወሰነ። ማንም «እንዴት ያለ ውብ ዜማ ነው» ብሎ አላዳነውም። ያዳነው የተቆጠረው ካርቶን ነው። ይህን ስል ዜማዎቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሥራቸውን እጅግ አሳምረው የሠሩ ናቸው። እኔም ሳህን እያጠብኩ ማፏጨቴ ለዚህ ማስረጃ ነው። ጸሐፊው የጥበብ ማረጋገጫ አድርገው የሚያቀርቡት ያ «እስከ ዛሬ አልወጣልኝም» የሚለው ነገር የተከፈለበት አገልግሎት ነው።

ኢንተርኔት ገደላቸው የተባለው ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት እዚህ ነውና።

ዉድዋርድስ በሩን የዘጋው በ1993 ነው። የኢንተርኔት ገበያው አማዞን የተመሠረተው በ1994 ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሟቹ ተቀብሮ ሳልስት ከወጣ በኋላ የተወለደን ልጅ በገዳይነት መክሰስ በየትኛውም ችሎት አያስኬድም።

ታዲያ ማን ገደለው? ቻርልስ ዉድዋርድ በቫንኩቨር መደብሩን የከፈተው በ1892 ነው፤ በ1903 ወደ ሄስቲንግስና አቦት ማዕዘን አዛወረው። ቦታው የተመረጠው በማስተዋል ነው። ከከተማ ዳርቻዎች የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር ኋላ ዋና ጣቢያውን የሠራውም እዚያው ሄስቲንግስ ላይ፣ ከመደብሩ አንድ መንገድ ብቻ አለፍ ብሎ ነበር። ሰው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ይገባል፤ በእጁ ሙሉ ዕቃ ይዞ በእግሩ ይመለሳል። አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው የአውቶቡስ ተራን አካባቢ ማሰብ በቂ ነው፤ ንግድ ሰው የሚወርድበት ቦታ ይበቅላል። ከዚያ ምን ሆነ? ቫንኩቨር የጎዳና ባቡሯን በ1955 አቆመች። ወደ ዳርቻዎቹ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡርም የመጨረሻ ተሳፋሪዎቹን ያወረደው በ1958 ነው።

ዜማው የተወለደበትን ዓመት ልብ ይሏል። የመጨረሻው የዳርቻ ባቡር በቆመበት ዓመት መደብሩ በሬዲዮ መዝፈን ጀመረ። ሁለቱን አንድ ሰው አስቦ አገጣጥሟቸዋል አልልም። እኔ ግን ታክሲ ነጂ ነኝ፤ መንገድ ሲቀየር ገበያ እንደሚቀየር በኪሴ አውቀዋለሁ።

ሕዝቡን ወደ ዳርቻ ከወሰዱት አንዱ ራሱ ዉድዋርድስ መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው። በ1950 በዌስት ቫንኩቨር ፓርክ ሮያል የተባለው የገበያ ማዕከል ሲከፈት ዋናው መደብር ዉድዋርድስ ነበር። በ1959 ኦክሪጅ ሲከፈትም እንደዚያው። መኪና ያለው ቤተሰብ ሰፊ ማቆሚያ ወዳለበት ሄደ፤ ሄስቲንግስ ላይ የቀረው መኪና የሌለው ነው። ከዚያ የከተማው የንግድ እምብርት ወደ ምዕራብ ሸሸ። ከዚያ ዕዳ፣ ከዚያ የ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዜማው በከተማው የታወቀ ፉጨት ነበር። አንድም ሰው አልረሳውም። መደብሩ ግን ተዘጋ።

እንዲያውም ዜማው ሳይጎዳው አልቀረም ባይ ነኝ። የቅናሽ ቀኑ ዜማው ከመምጣቱ በፊት ከዘመን ዘመን ዋጋውን እየቀየረ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የ25 ሳንቲም ቀን ነበር፣ ኋላ የ95 ሳንቲም ቀን ሆነ። ገንዘብ ሲረክስ ስሙም አብሮ ይሻሻል ነበር ማለት ነው። አንድ ዶላር ከአርባ ዘጠኝ ሲዜም ግን ዋጋው ጉሮሮ ውስጥ ገባ። ከ1958 እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በካናዳ የዕቃ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ቤት ያለው ደግሞ ያውቀዋል፤ ልብስ፣ ማሰሮ፣ አንሶላ በዚያው ዋጋ ይሸጥ ማለት አንሶላው እየሳሳ፣ ማሰሮው እየቀለለ ይሂድ ማለት ነው። አለዚያም በዚያ ዋጋ የሚሸጠው ነገር ይመናመናል። በዛሬው ገንዘብ ያ ዋጋ አሥራ አምስት ዶላር ገደማ ይሆናል። «አሥራ አምስት ዶላር ቀን» ብሎ የሚያፏጭ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሌሎቹም ቢሆኑ። ቶይስ አር አስ የተባለው የአሻንጉሊት መደብር በ1982 ማደግ የማይፈልግ ልጅ የሚዘፍንበትን ዜማ አወጣ፤ ያ ዜማ በሰሜን አሜሪካ ያደገ የአንድ ትውልድ ልጅ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነው። መደብሩ በ2005 በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የግዢው ዕዳ ራሱ መደብሩ ላይ ተጫነ፤ በ2017 ኪሳራውን አወጀ፤ በ2018 አጋማሽ በአሜሪካ ያሉት ሱቆቹ ሁሉ ተዘጉ። እዚህ ላይ ኢንተርኔት ድርሻ የለውም አልልም፣ አለው። ዕዳውን ሳይጠቅሱ ኢንተርኔትን መጥቀስ ግን ሸክም የተጫነበትን በቅሎ ዳገቱ ገደለው እንደ ማለት ነው። ዉድዋርድስን በ1993 የጠቀለለው ሐድሰንስ ቤይ ኩባንያም በ1670 የተመሠረተ፣ ከካናዳ ከራሷ የሚቀድም ሆኖ ሳለ በ2025 የመጨረሻ ሱቆቹን ዘጋ። ገዢውም ተገዢውም የሉም። ፉጨቱ አለ።

የዜማው ሙያ ራሱስ መቼ ደከመ ቢባል፣ አስተዋዋቂዎች ሰው አስቀድሞ የሚወደውን ዘፈን መግዛት ሲጀምሩ ነው። በ1987 ናይኪ የቢትልስን ዘፈን ለጫማ ማስታወቂያ ሲያውለው ትልቅ ንትርክ ተነስቶ ነበር። ዝግጁ ናፍቆት በገበያ ላይ ካለ አዲስ ዜማ ለመሥራት የሚደክም የለም። እንግዲህ ይህም ከኢንተርኔት በፊት ነው።

ወደ ንጽሕናው ልለፍ። የዛሬው ማስታወቂያ ስልካችን ውስጥ ገብቶ የት እንደሄድን፣ ምን እንዳየን ይመዘግባል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። እኔም አንድ ቀን ስለ ጎማ ከባልደረባዬ ጋር አውርቼ ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲከተለኝ ሰንብቷል። ነገር ግን የዛሬው መክፋቱ የትናንቱን ንጹሕ አያደርገውም። የድሮው ዜማ የት እንዳለህ መመዝገብ አላስፈለገውም፤ የትም ብትሆን ያገኝሃል። ወጥ ቤት ሬዲዮ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ሕፃኑ ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ሳለ።

ሕፃኑን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጸሐፊው የልጅነት ንጽሕናን ከዜማዎቹ ንጽሕና ጋር ቀላቅለውታል። ልጁ ንጹሕ ነበረ፤ ዜማው ግን ልጁን ያነጣጠረ ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። የኩቤክ ክፍለ ሀገር ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የንግድ ማስታወቂያ ማሰራጨትን በሕግ የከለከለው ከ1980 ጀምሮ ነው። አንድ የአሻንጉሊት ኩባንያ «የመናገር ነፃነቴ ተነካ» ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1989 ሕጉ ጸና። ዳኞቹ ልጅ ማስታወቂያን ከእውነት ለይቶ የሚመዝንበት ዐቅም ገና አልበሰለም የሚለውን ሐሳብ ተቀብለዋል። እዚህ አገር፣ ጸሐፊው በሚናፍቁት በዚያው ዘመን፣ ዜማዎቹ ንጹሐን አይደሉም ያለ ሕግ ነበረ ማለት ነው። ልጄ ማደግ አልፈልግም ብላ ብትዘፍን እኔ ከጀርባዋ ማን እንዳለ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደሚያመኝ ነጥብ ደረስኩ፤ ዜማው ሀብታሙንና ድሃውን አገናኘ ወደሚለው።

አንድ ቀን ከሆስፒታል አሮጊት ሴት አሳፍሬ በዚያ ማዕዘን ሳልፍ እንደተለመደው ቀና ብለው አዩ። አላፏጩም። «እናቴ ስድስት ልጆች ነበሯት» አሉኝ፤ «ካልሲ የምትገዛው ማክሰኞ ብቻ ነው።» ከዚያ ስለ ታችኛው ፎቅ የምግብ ክፍል፣ መደብሩ ራሱ ስለሚያዘጋጀው የኦቾሎኒ ቅቤ፣ በገና ሰሞን በመስኮቶቹ ስለሚታዩት የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች አጫወቱኝ። ስለ ዜማው ስጠይቃቸው «አዎ፣ እሱም ነበር» ብለው አለፉት። ለእርሳቸው ዜማው የቀኑ ጥሩምባ ነበር። የቆዩት ካልሲውን ይዘው ነው።

ያ መደብር ለዚያ ሰፈር ምን እንደነበር መለካት የሚፈልግ ዜማውን ሳይሆን ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ይመልከት። ሕንፃው ለዓመታት ባዶውን ቆመ። በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ መደብሩ የሚስበው እግረኛ ነበር የሚያኖራቸው። ያ ሰፈር ዛሬ በመላው ካናዳ በድህነቱና በአደንዛዥ ዕፅ ችግሩ የሚታወቀው የዳውንታውን ኢስትሳይድ እምብርት ነው። በመስከረም 2002 ቤት አልባ ሰዎችና ደጋፊዎቻቸው ባዶውን ሕንፃ ሰብረው ገብተው ያዙት፤ ፖሊስ ካስወጣቸው በኋላ እግረኛ መንገዱ ላይ ድንኳንና ፍራሽ ዘርግተው እስከ ታኅሣሥ ቆዩ። ጥያቄያቸው ቤት ነበር። የዚያን ክረምት ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዜማው ሀብታሙንና ድሃውን ያን ያህል አስተሳስሯቸው ቢሆን ኖሮ ዜማውን በቃሉ የሚያውቀው ከተማ ለእነዚያ ሰዎች አንድ ፎቅ ለመክፈት ያን ያህል ባልዘገየ ነበር።

በ2006 መስከረም 30 ቀን አብዛኛው ሕንፃ በፈንጂ ፈረሰ፤ የጥንቱ ማዕዘን ብቻ ቀረ። በቦታው ከተሠሩት ቤቶች 536ቱ በገበያ ዋጋ የተሸጡ ናቸው፤ 200ዎቹ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተመደቡ ናቸው። ሁለት መቶ ቤት ትንሽ ነገር አይደለም፣ የተገኘውም እግረኛ መንገድ ላይ ስላደሩት ሰዎች ነው እላለሁ። ነገር ግን የሚሸጡት ቤቶች ገበያ ላይ ሲወጡ የወጣላቸው መፈክር ምን ነበር? ደፋር ሁን፣ አለዚያ ወደ ከተማ ዳርቻ ሂድ የሚል ነበር። ቤቶቹም ወዲያው ተሸጠው አለቁ። ማስታወቂያ ሀብታምና ድሃን ያገናኛል ለሚሉት ጸሐፊ፣ በዚያው መሬት ላይ፣ በዚያው ሄስቲንግስ ላይ የተነገረ ማስታወቂያ ይኸውላቸው። የድሮው መፈክር ማክሰኞ ኑ ይል ነበር። አዲሱ ካልደፈራችሁ ሂዱ አለ።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ሳይጽፉት በዙሪያው ዞሩ እንጂ። ያ ዜማ ለሁሉም አንድ ዋጋ ይናገር ነበር። የሐኪሙ ሚስትና የስድስት ልጆቹ እናት የሰሙት ቁጥር አንድ ነው፤ ያዩት መደርደሪያ አንድ ነው። ዛሬ እኔና ተሳፋሪዬ ያንኑ የአውሮፕላን ትኬት በሁለት ስልክ ብናይ ሁለት ዋጋ ልናገኝ እንችላለን። የጋራ ዋጋ ጠፍቷል፤ ይህ የሚያሳዝን ነው። የሚናፈቅ ነገር ካለ እሱ ነው፣ ማለትም በአደባባይ የተነገረ፣ ነጋዴው በማግስቱ ሊክደው የማይችል ዋጋ። ዜማው የዚያ ዋጋ ጠባቂ የሆነው ሳይፈልግ ነው።

ስለ እኛ የተባለውን ሳልመልስ አላልፍም። እንዲህ ያለ ነገር አልነበረንም ይላሉ። ጸሐፊው ያደጉት የት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ የተኛ ሰው በማለዳ የሚነቃው በማን ድምፅ ነው? «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ እኮ በጆንያ ተሸካሚው አንደበት ታጥቦ፣ ተስቦ፣ ተቆርጦ ዜማ የሆነ «ቆርቆሮ ያለው» ነው ይባላል። እያንዳንዱ ቆራሌ የራሱ አሳሳብ አለው፤ እናቴ ከድምፁ ብቻ የትኛው እንደመጣ ለይታ ትክክለኛ ዋጋ የሚሰጠው ሲሆን ብቻ ነበር አሮጌውን ብረት ድስት የምታወጣው። ያ ዜማ ደግሞ የሚገዛ ዜማ ነው፣ የሚሸጥ አይደለም፤ ግዛኝ ሳይሆን ሽጥልኝ እያለ በየበሩ የሚዞር ማስታወቂያ ሌላ አገር ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። «ልዋጭ» የሚለውስ? አሮጌ ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ባልዲ የሚሰጥ፣ ከገንዘብ ውጭ የሆነ ንግድ በአንዲት ቃል ተዜሞ። ሦስት ወንበር ባዶ እያለው «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳትም ከማንም የማስታወቂያ ድርጅት አያንስም፤ ውሸቱንም ተሳፋሪው ያውቀዋል፣ ይቅርም ይለዋል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሰማናቸውን አልቆጥርም።

የእኛዎቹን ከዉድዋርድስ የሚለያቸው አንድ ነገር ነው። የሚጮኸው ሰውና የሚነግደው ሰው አንድ ነበር። ጉሮሮው ሲዘጋ ገበያው ይዘጋል። ማንም ቀድቶ አላስቀመጠውምና በማኅደር አናገኘውም፤ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግን ኬማርት የተባለው መደብር አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በመደብሩ ውስጥ ይሰማ የነበረውን ሙዚቃና ማስታወቂያ የያዙ ካሴቶች ለዓመታት አስቀምጦ በ2015 ለሕዝብ በነፃ ለቋቸው፣ ዓለም ሁሉ ባዶ መደብር ውስጥ የሚንከራተት እስኪመስለው አዳመጣቸው። እኔም አዳምጫለሁ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ካሴቱ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋ የለችም። የእኛ ቆራሌ ካሴት ባይኖረውም፣ ዜማው ሲነሳ ጆንያውም፣ ፀሐዩም፣ የተሰነጠቀው ተረከዝም አብረው ይመጣሉ። ጸሐፊው ናፍቆት የለንም ያሉት ምናልባት ይህ ስለሚከብድ ይሆናል። ከሩቅ አገር ሱቅ ፉጨት ይልቅ ደጃፋችንን የሚያልፍ ሰው ድምፅ መናፈቅ ይከብዳል፤ ሰውየው ምን እንደበላ መጠየቅን ያመጣልና።

የቀረው የማክሰኞው ሐሳብ ነው። ዜማው በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ይሰማ ብለዋል። እኔ አልቃወምም፤ ማፏጨትን የሚከለክል ሰው አይደለሁም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ድምፅ ማጉያው አንድ ዶላር ከአርባ ዘጠኝ ሲል ያን ቀን በዚያ ዋጋ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሕንፃው ሥር የምግብ መደብር አለ፤ ገብቼ አይቻለሁ። በዚያ ዋጋ ያገኘሁት ሙዝ ነው፣ እሱም ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ። ዋጋ ሳይኖር የዋጋ ዜማ ማሰማት፣ ግብዣ ሳይኖር የግብዣ ጥሩምባ መንፋት ነው፤ ያውም ደጁ ላይ የራበው ሰው በተቀመጠበት ሰፈር።

አሮጌው «ደብልዩ» ፊደል ራሱ ከሰማይ ወርዶ መሬት ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ አሁን ከላይ የቆመው በ2010 የተተካው ቅጂ ነው። ጸሐፊው ካላዩት ማክሰኞ ዕለት እኔው ወስጄ አሳያቸዋለሁ፣ መንገድ ላይም አብረን እናፏጫለን። ሒሳቡን ግን ቀደም ብዬ ልንገራቸው፤ የታክሲዬ ቆጣሪ ገና በሩ ሲዘጋ ከሦስት ዶላር በላይ ነው የሚጀምረው።